ማክሰኞና አርብ የምትቀረው ልጅ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጉዳይ የገጠመኝ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ ስሠራ ነው። ስም አልጠራም። ክፍለ ከተማውንም የልጅቷን አገርም አልናገርም፤ እንዳትታወቅ ብዬ አንዳንድ ዝርዝር ቀያይሬያለሁ። የቀረው እንዳለ ነው።

ዜና የሚሆን ጉዳይ አይደለም። ልጅቷ ሆስፒታል አልተኛችም፣ ቪዲዮዋ ቲክቶክ ላይ አልዞረም። መጻፍ የፈለግኩትም ለዚሁ ነው። እኛ መምህራን ፊት በየቀኑ የሚቀመጠው እንዲህ ያለው ጉዳይ ነው፤ አገር የሚሰማው ግን ከረፈደ በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

ልጅቷና ቤቱ

11 ዓመቷ ነበር፣ 3ኛ ክፍል። ከገጠር ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ያመጣቻት የአባቷ የአጎት ልጅ ናት። ሰፈሩ «አክስቷ» ስለሚላት እኔም አክስት እያልኩ እቀጥላለሁ። ለወላጆቿ የነገረቻቸው «ከኔ ጋር ትሁን፣ ላስተምርላችሁ» ብላ ነው። ልማዱ በራሱ ክፉ አይደለም። ስንቱ ሐኪምና መሐንዲስ ከተማ ያለ ዘመዱ ቤት አድጎ ነው ለወግ ለማዕረግ የበቃው። ችግሩ ደመወዝ የማይከፈላት የቤት ሠራተኛ የሚመጣውም በዚሁ በር መሆኑ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱ አይለዩም።

አክስት እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለአንድ ምግብ ቤት ታስረክባለች። ጎበዝ ነጋዴ ናት፣ ሰፈር ውስጥም የተከበረች። ሁለት የራሷ ልጆች አሏት፤ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት፣ ሰርቪስ እየመጣ ከበር ይወስዳቸዋል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የኛዋ ልጅ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም። ስትጠራ ብድግ ብላ፣ እጇን አጣምራ፣ አይኗን መሬት ላይ ተክላ ትቆማለች። መምህራን ክፍል ውስጥ ስሟ ሲነሳ «እሷ እኮ ጨዋ ናት» ይባልና ወደሚረብሹት ይታለፋል።

ሁሉም አንዳንድ ነገር አይቷል

ኋላ ላይ ስንሰበስበው የገረመኝ ያልታየ ነገር አለመኖሩ ነው። የሂሳብ መምህሩ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ እንደምትተኛ ያውቃል። ማታ ቴሌቪዥን ሲያዩ ያመሻሉ ብሎ ነበር የገመተው። በምገባው በኩል የሚያስተናግዱት እናት የቁርሷን ግማሽ በፌስታል እንደምትቋጥር አይተዋል። «ለታናናሾቿ ይሆናል፣ አንጀቷ አይችልም» አሉ። የበሩ ጥበቃ ደግሞ ይህቺ ልጅ ተራምዳ ወጥታ እንደማታውቅ ነገረኝ። ደወሉ ሲደወል ጓደኛ ሳትጠብቅ፣ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ትሮጣለች። «ቤት የምትናፍቅ ልጅ ናት» ነበር የሱ ትርጉም።

እጇን ያየችው የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ናት። መዳፏና የጣቶቿ መገጣጠሚያ በበረኪናና በኦሞ ተሰነጣጥቋል። በግራ ክንዷ ላይ፣ ከእጅ አንጓዋ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጎበጥ ያሉ የቃጠሎ መስመሮች አሉ። የምጣድ ጠርዝ የነካው ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል። አንዱ ገና እርጥብ ነው፣ አንዱ ሮዝ ሆኗል፣ አንዱ ጠቁሮ ጠባሳ ሆኗል። መምህርቷ ስትጠይቃት «እኔው ነኝ ያቃጠልኩት» አለች። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ሲጠይቃትም ያችኑ ዓረፍተ ነገር፣ ቃል በቃል።

እዚህ ላይ ለመምህራንና ለወላጆች የሚጠቅም አንድ ነገር ልበል። ልጅ ይወድቃል፣ ይላላጣል። የጨዋታ ጉዳት ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አጥንት በወጣበትና ፊት ለፊት ባለው የሰውነት ክፍል ነው፦ ጉልበት፣ ቅልጥም፣ ክርን፣ ግንባር። ባት ላይ፣ ከጭን ጀርባ፣ ጀርባ ላይ፣ ጆሮ አካባቢ የሚገኝ ምልክት ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። የታጠፈ ገመድ ደግሞ የራሱን ቅርጽ ትቶ ይሄዳል፤ ሁለት ጎን ለጎን የሄዱ መስመሮች ጫፋቸው ላይ ቀለበት ሠርተው ይገናኛሉ። ልጅቷ ባት ላይ ይህ ነበር። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ካልሲዋ ወርዶ ያየችው አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ናት፣ ለማንም ግን አልተናገረችም። በተለያየ ጊዜ የደረሱ፣ የተለያየ የመዳን ደረጃ ላይ ያሉ ጉዳቶች አንድ ገላ ላይ ሲገኙ «ወድቄ ነው» የሚለውን አትመኑ።

«ወላጅ አምጪ»

ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የወሰደው እርምጃ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በመቅረት ብዛት ዩኒት ሊደሩ ወላጅ አስጠራ። አክስት በሰዓቱ ከች አለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በትህትና። «ልጅቷ ሰነፍ ናት፣ እኔም ተቸግሬያለሁ፣ እባካችሁ ምከሩልኝ» አለች። ልጅቷ አጠገቧ ቆማ ተመከረች። አክስት ፈርማ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ለብዙ ቀናት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ስትመለስ ያነክሳት ነበር።

ጥቃቱ ከቤት ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ሰው፣ ተጠርጣሪውን ቀድሞ መጥራት የለበትም። ግልጽ ይመስላል አይደል? ግን የደንብ መጽሐፋችን ላይ ለመቅረት፣ ለመዘግየት፣ ለመተኛት፣ ለሁሉም መድኃኒቱ አንድ ነበር፦ ወላጅ አምጪ። ዩኒት ሊደሩ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን የተጻፈውን ነው ያደረገው።

አቴንዳንሱ

ጉዳዩ ወደኔ የመጣው መምህርቷ «ይቺን ልጅ አንድ በያት» ብላ ስትገፋኝ ነው። መጀመሪያ ያደረግኩት ልጅቷን መጥራት ሳይሆን አቴንዳንሱን ቁጭ ብሎ ማየት ነው። የቀረችባቸውንና ያረፈደችባቸውን ቀናት በሌላ ወረቀት ላይ ስገለብጣቸው ማክሰኞና አርብ ላይ ተደረደሩ። የታመመ ልጅ ቀን አይመርጥም። የሰነፈ ልጅም መቅረት የሚወደው ሰኞ ነው። ማክሰኞና አርብ ምን አለ? የሰፈሩን ባለሱቅ ጠየቅኩ። አክስት እንጀራ የምታስረክብባቸው ቀናት ናቸው።

ከዚያ ለየብቻ የታየውን ሁሉ ወደ አንድ ወረቀት አመጣነው። ቀን፣ ያየው ሰው፣ የታየው ነገር፣ ልጅቷ ያለችው ቃል። ግምት የለም፣ ፍርድ የለም። እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ ደህና ማብራሪያ የሰጠው ነገር ተሰብስቦ ሲታይ ማብራሪያው ሁሉ ረገፈ።

ለጥናት የሚጠቀስ አንድ የውጭ ጉዳይ አለ። በፈረንጆቹ 2000 ለንደን ውስጥ የ8 ዓመት ልጅ ሞተች። የአይቮሪ ኮስት ልጅ ናት። የአባቷ አክስት «ላስተምራት» ብላ ነበር ከወላጆቿ የወሰደቻት፣ መጀመሪያ ወደ ፈረንሳይ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝ። አስከሬኗ ላይ 128 የጉዳት ምልክት ተቆጠረ። ሎርድ ሌሚንግ የመሩት ምርመራ በ2003 ሪፖርቱን ሲያወጣ 108 ምክረ ሐሳብ አቀረበ፤ ሆስፒታሎች፣ ፖሊስና የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮዎች ልጅቷን በየፊናቸው አይተዋት እንደነበርም ዘረዘረ። እኔን የነካኝ አንድ ነጥብ ነው። ልጅቷ አሳዳጊዋ ፊት እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ትቆም እንደነበር የሰማችው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በአፍሪካና በካሪቢያን ቤተሰቦች ዘንድ ታላቅን የማክበር ባህል አድርጋ ነበር የወሰደችው። እኛማ ባህሉን ከውስጥ እያወቅነው ነው «ጨዋ ናት» ብለን ያለፍነው። ትልቅ ሰው የሚያከብር ልጅና ትልቅ ሰው የሚፈራ ልጅ ይለያሉ። የሚያከብረው ትልቁ ሰው ዞር ሲል ይስቃል፣ ይንጫጫል። የኛዋ በእረፍት ሰዓትም እንዳጎነበሰች ነበረች።

ልጅቷ ስትናገር

ያነጋገርኳት ቢሮ ውስጥ አይደለም። ቢሮ የሚጠራ ልጅ ጥፋተኛ ነው ብሎ ነው የሚመጣው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መጽሐፍ አብረን እየደረደርን ነበር፣ መምህርቷም እዚያው አለች። «አክስትሽ ትመታሻለች?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ልጅ ትልቅ ሰው መስማት የሚፈልገውን መልስ ይሰጣል፣ ኋላ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ጉዳዩን ያበላሸዋል። «ትናንት ከእራት ጀምሮ እስከዛሬ ጠዋት ያለውን ንገሪኝ» ነበር ያልኳት።

ነገረችኝ። እራት ካበላች በኋላ ዕቃ ታጥባለች። የምትተኛው ማድ ቤት ነው፣ ባዶ የጤፍ ማዳበሪያ ላይ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትቀሰቀሳለች። ሊጡ፣ ምጣዱ፣ ማሰሻው። «እትዬ ትቆጥረዋለች። የተቀደደው ለኔ ነው፣ እሱን ነው የምበላው። ከሦስት በላይ ከተቀደደ ገመድ አለ» አለች። ይህን ስትል መጽሐፍ መደርደሯን አላቆመችም። የሱቅ ዋጋ እንደምትነግረኝ ያህል ነበር።

ከዚያ «ለማንም እንዳትነግሪብኝ ቲቸር» አለችኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እሺ የኔ ልጅ፣ አልናገርም» ይላል። የማይጠበቅ ቃል ነው። ልጁ ማመን የጀመረውን የመጀመሪያ ሰው በማግስቱ ያጣል። «ሊረዱሽ ለሚችሉ ሰዎች መንገር አለብኝ፣ ለማን እንደምነግር ግን መጀመሪያ ለአንቺ እነግርሻለሁ» አልኳት። አለቀሰች። በተለይ አባቷ እንዲሰማ አልፈለገችም፣ ምክንያቱ ኋላ ነው የገባን።

የተናገረችውን በዚያው ሰዓት በራሷ ቃል ጻፍነው። ሌላ መምህር ደግሞ እንዳያናግራት ተስማማን። ልጅን አንድ ነገር ደጋግሞ ማስወራት ቁስል መነካካት ነው፤ ቃሏም በተደጋገመ ቁጥር እየተጠናና ተአማኒነቱን እያጣ ይሄዳል።

ወረዳ፣ ፖሊስ፣ ሆስፒታል

ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ አመነታ። «የትምህርት ቤቱ ስም» አለ፣ «ነገ አክስት ብትከሰንስ» አለ። አስገዳጅ ነገርም አልነበረም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 ወንጀል አለማሳወቅን በዋናነት የሚቀጣው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲሆን ነው። የልጅ ድብደባ እዚያ አይደርስም። በመጨረሻ ያሳመነው ወረቀቱ ነው። ቀን በቀን የተጻፈውን ሲያነብ፣ ነገ አንድ ነገር ቢሆን ያ ወረቀት መሳቢያው ውስጥ መገኘቱን አሰበ መሰለኝ። ማህተሙን አወጣ።

የወረዳው ሴቶችና ህጻናት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዋ ጎበዝ ሴት ናት፣ ግን ወረዳውን በሙሉ ይዛ ብቻዋን ነው የምትሮጠው። ፖሊስ ጣቢያ ተረኛው «ዘመድ አይደሉም እንዴ? በሽምግልና ጨርሱት» ብሎ ሊመልሰን ነበር። የሴቶችና ህጻናት ክፍሏ ሳጅን ስትመጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። ስለዚህ ጣቢያ የምትሄዱ ከሆነ በሩ ላይ ላለው ሰው ጉዳዩን አትዘርግፉ፣ ክፍሉን በስሙ ጠይቃችሁ ግቡ።

ሽማግሌዎቹ ግን መምጣታቸው አልቀረም። ትምህርት ቤት ድረስ መጡ፣ አክስትም አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀች፣ «ሁለተኛ እጄን አላነሳባትም» አለች። እኔ ሽምግልናን አልንቅም። ሁለት አዋቂዎች ሲጣሉ እሱን የሚያህል የለም። እዚህ ግን አንዷ ባለጉዳይ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ይቅርታው ለኛ ነው የተጠየቀው፣ ሌሊቱን ወደ ማድ ቤት የምትመለሰው ግን እሷ ናት። ሳጅኗ በጨዋ ደንብ «አባቶቼ፣ ይህ የወንጀል ጉዳይ ነው» ብላ ሸኘቻቸው።

ሐኪሙ በፖሊስ ደብዳቤ መረመራት። ቃጠሎዎቹን፣ ባቷ ላይ ያለውን፣ ከዕድሜዋ አንጻር ማነስዋን መዘገበ። ጾታዊ ጥቃት እንደሌለም ተረጋገጠ። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት ማዕከል ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን አንድ ቦታ ያገናኛል፣ የተቋቋመው ግን ለጾታዊ ጥቃት ነው። እኛ የድብደባና የጉልበት ብዝበዛ ጉዳይ ይዘን ከቢሮ ቢሮ ስንዞር ከረምን።

ክሱ በአንቀጽ 576 ቀረበ። ይህ አንቀጽ ህጻን የማሳደግ ኃላፊነት ያለበት ሰው ቢያንገላታ፣ ቢጥል፣ ከአቅም በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ ይቀጣል ይላል፤ ከባድ ጉዳት ካልደረሰ ግን ጣሪያው ሦስት ወር ቀላል እስራት ነው። ለአስተዳደግ ሲባል ሕግ ሳይጣስ የሚሰጥን ቅጣትም ከወንጀል ውጭ ያደርገዋል። የአክስት ጠበቃ የተንጠለጠለው በዚህችው ላይ ነበር፦ «ቀጣች እንጂ አልደበደበችም»። ሦስት እንጀራ ስለተቀደደ የተገረፈች ልጅ ምን አስተዳደግ እንደተሰጣት እሱ ነው የሚያውቀው። ልጅቷ የመሰከረችው ለብቻዋ በተዘጋጀ ክፍል ሆና፣ በካሜራ፣ ጥያቄው በአንዲት ባለሙያ በኩል እየደረሳት ነው፤ አክስትን ፊት ለፊት አላየቻትም። ይህ አሠራር ልጅቷን አትርፏታል፣ ችሎት ብትቆም ኖሮ «እኔው ነኝ ያቃጠልኩት» ትል ነበር። ጎረቤት ግን ለምስክርነት አንድም አልተገኘም። አክስት ጥፋተኛ ተባለች፣ እስራቱ በገደብ ሆኖ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

የሠራተኛ ሕጉንም አንስተነው ነበር። አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ያደርጋል፣ ግን ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የሚሠሩትን፣ ማለትም የቤት ሠራተኞችን፣ አይሸፍንም። ለሱቅ የሚሸጥ እንጀራ መጋገር የቤት ሥራ ነው ወይስ የንግድ? እኔ ንግድ ነው ባይ ነኝ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ህጻን ትምህርቱን ወይም ጤናውን በሚጎዳ ሥራ እንዳይሰማራ ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ግን ጭቅጭቁ ያስረዝምብናል ብሎ ተወው።

የት ትሂድ?

አባቷ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የመጣው። «በስልክ ደህና ነኝ ትለኝ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ስልኩ ሁልጊዜ በስፒከር ነበር፣ አክስት አጠገቧ ቁጭ ብላ።

የዚያኑ ቀን ይዟት ሊሄድ ፈለገ። እሷ ደግሞ አሻፈረኝ አለች። ታላቅ እህቷ በ15 ዓመቷ ተድራለች። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ቢልም እሷ የምታውቀው የእህቷን ነው። አባቷ እንዳይሰማ የፈለገችውም አገሬ ይመልሰኛል ብላ ነበር። ልጅን ከጥቃት አውጥቶ ወደ ወላጅ መመለስ ሁላችንም የምንመኘው ነው፣ ግን የምትመለስበት ቤት ምን እንደሚጠብቃት ሳይጠየቅ ከሆነ ችግሩን ቦታ ማዘዋወር ነው።

ለአጭር ጊዜ መጠለያ ገባች። ከዚያ የወረዳ ባለሙያዋ የእናቷን እህት አገኘች። ሌላ ክፍለ ከተማ የምትኖር፣ ጉልት የምትቸረችር፣ አንዲት የቀበሌ ክፍል ያላት ሴት። አንዳንዱ ባለሥልጣን «ይቺ ደሃ እንዴት ታሳድጋለች?» አለ። ባለሙያዋ ቤቱን ሄዳ አየች፣ ልጆቹ ሁሉ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ።

ያዙልኝ ያልኩት ነገር ይሄ ነው። ድህነትን ከቸልተኝነት እንዴት እንለየው ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ እዚያው ቤት ያሉትን ሌሎች ልጆች ማየት ነው። ድህነት ሲሆን ሁሉም ይራባል፣ የሁሉም ጫማ ይቀደዳል። የአንዱ ልጅ ጫማ ብቻ ከተቀደደ፣ አንዱ ሰርቪስ እየጠበቀ ሌላው ምጣድ ስር ከሆነ፣ ሰበቡ ገንዘብ አይደለም።

የትምህርት ዓመቱን እዚያው ጨረሰች። ክረምት ለጉብኝት አገሯ ደርሳ በመስከረም ተመለሰች፤ እስክትጨርስ እንዳትዳር አባቷ ወረዳው ፊት ፈርሟል። ፊርማው ምን ያህል እንደሚያስረው አላውቅም፣ ግን ባለሙያዋ ትደውልለታለች፣ እሱም ያነሳል።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተለወጠው

አሁን ለመቅረት ወላጅ ከመጠራቱ በፊት አቴንዳንሱ በቀን ተደርድሮ ይታያል፣ ሰውነት ላይ ምልክት ያለበት ልጅ ከሆነም ወላጁ አይጠራም፣ ጉዳዩ ወደ አማካሪ ነው የሚመጣው። ከወላጅ ጋር የማይኖር ተማሪ ሲመዘገብ የወላጆቹ ስልክ ለብቻ ይያዛል፣ ልጁም በዓመት ሁለት ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ስልክ፣ ያለ ስፒከር፣ ቤተሰቡን ያነጋግራል። ወጪው የካርድ ነው። የምገባ እናቶችና ጥበቃዎች በስብሰባው እንዲቀመጡ አድርገናል፤ ከመምህራን ይልቅ እነሱ ናቸው የሚያዩት። አንዳንድ መምህር አሁንም «የሰው ቤት ጉዳይ» ይላል። ከአለንጋና ከማስመሪያ ያልተላቀቀ መምህር ስለ ድብደባ ሪፖርት እንዲያደርግ መጠበቅም ያስቸግራል፣ ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ቢከለክልም። እሱ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ያልተዘጋው

ፍርዱ ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ደወሉልኝ። አክስት ቤት ሌላ ልጅ መጥታለች። 16 ዓመቷ ነው ተብሏል፣ ትምህርት ቤት አልተመዘገበችም። ለመጀመሪያዋ የሠራው መንገድ ሁሉ፣ አቴንዳንሱም ምገባውም ጥበቃውም፣ ለዚህችኛዋ የለም፤ ግቢው ውስጥ ካልገባች ማን ያያታል? ጸሐፊውና የወረዳ ባለሙያዋ በእድር መዋጮ ስም ቤቱን አንኳኩተው ገብተው ልጅቷን አግኝተዋታል። ደመወዝ እንደሚከፈላት፣ የምትተኛውም ሳሎን እንደሆነ ነገረቻቸው። ክንዷ ላይ ምንም አልነበረም። የማታ ትምህርት ልትጀምር ተመዝግባለች፣ ባለሙያዋም ፋይሉን አልዘጋችውም።